የቆየ የመጽሔት ማስታወቂያ ስታነሡ ከገጹ ሥር ጥቁር ወረቀት አድርጉ

የድሮ የጠመንጃና የአደን ዕቃ ማስታወቂያዎችን ከመጽሔት ላይ በስልክ እያነሣችሁ የምታካፍሉ ከሆነ፣ የገጹ ጀርባ ጽሑፍ በሥዕሉ ላይ እንደ ጥላ እየታየ ሳያስቸግራችሁ አልቀረም። መፍትሔው ከገጹ ሥር ጥቁር ወረቀት ማስገባት ነው። የመጽሔት ወረቀት ስስ በመሆኑ ብርሃን ያልፈዋል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ገጽ ብርሃኑን መልሶ ሲያንጸባርቅ የጀርባው ጽሑፍ ይጎላል፣ ጥቁሩ ግን ስለሚውጠው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በወጣ የዊንቸስተር ጠመንጃ ማስታወቂያ ላይ የሰደፉ የእንጨት መስመር ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ገጹ በጥቂቱ ቢጠቁር በስልኩ የፎቶውን ብርሃን መጨመር ይበቃል። የአዳማ የቀትር ፀሐይ የኅትመት ቀለም ስለሚያደበዝዝ በረንዳ ጥላ ሥር ማንሣት ይሻላል። ጥቁሩን ወረቀት ግን ቀለሙ ሊለቅ ስለሚችል መጽሔቱ ውስጥ አትተዉት፤ ማጣበቂያው የደረቀ መጽሔት ከሆነም ገጹ እንዳይገነጠል ጨርሶ ባትሞክሩት ይመረጣል።