የዋንዛ ዕቃችሁን በክረምት እንዲህ ያዙት

ዳንግላ ክረምት ሲገባ እንጨት ሁሉ እርጥበት ይጠጣል። መሳቢያው ይያዛል፣ የቁምሳጥኑ በር አልዘጋ ይላል። እባካችሁ ያኔ ለመላግ አትቸኩሉ! በጋ ላይ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የላጋችሁት ግን ክፍተት ሆኖ ይቀራል። የሚፋተገው ጠርዝ ላይ የሻማ ቁራጭ ወይም ደረቅ ሳሙና እሹበት፣ ይበቃዋል።

ቁምሳጥኑን ከጭቃው ግድግዳ አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጉት። አየር ያገኛል፤ ምስጥ ግድግዳውን ይዞ ቢወጣም ቶሎ ታዩታላችሁ። ወለሉ አፈር ከሆነ እግሮቹ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ።

ከሁሉ የምለምናችሁ ግን እንጨት የሚበላውን ነቀዝ እንድትጠነቀቁ ነው። እናቴ ቤት ያለው የዋንዛ ሳጥን ስር እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነጣ ያለ ብናኝ አየሁ። ጠረግሁት። በሦስተኛው ቀን እዚያው ቦታ ትንሽ ክምር ሆኖ ጠበቀኝ። ጠርጋችሁት ተመልሶ ከመጣ ነቀዙ ገና ውስጥ ሆኖ እየበላ ነው ማለት ነው። ዕቃውን ከሌሎቹ ለይታችሁ አርቁት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለአናጺ አሳዩት። ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አትተዉት፤ ነቀዙ ሳይሞት እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ስታጸዱ ጨርቁን በደንብ ጨምቁት፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ድገሙት።