መለኪያው ዜሮ ካሳየ አትመኑት

የጨረር መለኪያው ጋይገር ዜሮ ላይ ከቆመ «ጨረር የለም» ማለት አይደለም፤ ባዶ ሜዳ ላይ እንኳ አልፎ አልፎ ጠቅ ማለት አለበት። እንዲያውም ጨረሩ እጅግ ሲበረታ ጨረሩን የሚለየው ቱቦ ታፍኖ ዜሮ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከጨረሩ ምንጭ ርቃችሁ አብሩትና ከትልቁ ሬንጅ (የመለኪያ ክልል) ጀምራችሁ ቅረቡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። ቀጥሎ መሣሪያው መሥራቱን የምታዩበትን የመፈተሻ ምንጭ፣ ብዙውን ጊዜ ጨረር አመንጪ የሆነው ሲዝየም 137 በትንሹ ነው፣ ሁልጊዜ በአንድ ርቀትና አቅጣጫ አስጠጉት። ንባቡ መሣሪያው ካሊብሬት ሲደረግ (ልኬቱ ሲስተካከል) ከተመዘገበው ከ20 በመቶ በላይ ከራቀ መሣሪያውን ይዛችሁ አትውጡ።

መሣሪያውንና ፕሮቡን (ጨረሩን የሚለየውን ክፍል) የሚያገናኘውን ኬብል ስታወዛውዙ ቁጥሩ ከዘለለ መጀመሪያ ማያያዣውን ጠርጥሩ። ሳታጠፉ ግን አትንቀሉት፤ በብዙዎቹ ላይ ወደ 900 ቮልት አለ፣ ካጠፋችሁም በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የፓንኬክ ፕሮቡን (ክብና ጠፍጣፋውን ፕሮብ) ስስ የሚካ ማዕድን መስኮት ደግሞ የሣር አገዳ እንኳ ይበሳዋል።