የካትሪን ዊሎቢን የዘር ሐረግ እንዴት እንንደፍ?

የቱዶር ነገሥታት ዘመን (1485–1603 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ መሳፍንትን የዘር ሐረግ ለመንደፍ ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ተቀምጦ፣ ስልክና ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ አንድ ሰፊ ወረቀት ይዞ መጀመር ይቻላል። ለመለማመጃ የዚያን ዘመን የሰፎክ መስፍኒት ካትሪን ዊሎቢን እመርጣለሁ፤ ጀማሪን የሚያሳስተው ነገር አብዛኛው በእርሷ ታሪክ ውስጥ ይገኛልና።

በመጀመሪያ ስሟን በወረቀቱ መካከል ያስፍሩ፤ የሚጽፉትም የትውልድ ስሟን ይሁን። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ብታገባም የአባቷ ስም አብሯት ስለሚኖር ሰባት ቤት መቁጠር አይከብድም፤ እንግሊዛዊቷ ግን ባገባች ቁጥር በባሏ ስምና ማዕረግ ትጠራለች። ከላይ አባቷን ባሮን ዊልያም ዊሎቢን፣ ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመጀመሪያ ሚስት ከአራጎኗ ካትሪን ጋር ከስፔን የመጣችውን እናቷን ማሪያ ደ ሳሊናስንም ይጻፉ።

ቀጥሎ የርስት ክርክር ይፈልጉ። አባቷ በ1526 እ.ኤ.አ. ሲሞት ውርሱ ለሰባት ዓመቷ ልጅ ቢደርስም አጎቷ ክሪስቶፈር ተከራከራት፤ የተከራከሩበት ርስት ደግሞ ሰነድ አያጣም። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ስለሆነ የጥምቀቷን ምዝገባ በመፈለግ አይድከሙ።

በዘመን አቆጣጠር ላይ ግን ጊዜ ወስደው ይሥሩ። የዚያን ጊዜ እንግሊዞች የዓመተ ምሕረቱን ቁጥር የሚለውጡት ማርች 25 ቀን፣ ማለትም እኛ የጌታን ጽንሰት በምናከብርበት መጋቢት 29 ነበር። ካትሪን የተወለደችው ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ዛሬ ማርች 22 ቀን 1519 የሚባለው ዕለት በእነርሱ አቆጣጠር ገና 1518 ነው። በእኛ መጋቢት 26 ቀን 1511 ዓ.ም. ይሆናል። የስልክ ቀን መለወጫ አሥር ቀን ሊያጎድል ስለሚችል አይመኑት፤ የሚያሰላው ዛሬ ባለው የፈረንጆች አቆጣጠር (ግሪጎርያን) እንጂ እንግሊዞች በዚያን ጊዜ በተጠቀሙበት በዩልዮስ አቆጣጠር አይደለምና።

ለጋብቻ ድርብ መስመር፣ ለታሰበ ጋብቻ የተቆራረጠ መስመር ይጠቀሙ። የሰፎክ መስፍን ቻርልስ ብራንደን የካትሪንን ሞግዚትነት (አባት የሞተበትን ሕፃን ወራሽ የማሳደግና ርስቱን የማስተዳደር መብት) ከንጉሡ ገዝቶ ለልጁ ለሄንሪ አስቧት ነበር፤ ሆኖም የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እኅት የነበረችው ሚስቱ ሜሪ በ1533 ስትሞት፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋው ሞግዚት የ14 ዓመቷን ልጅ ራሱ አገባት። በዚህም የሜሪ ልጅ ፍራንሰስ ሁለት ዓመት ለምታንሳት ሴት የእንጀራ ልጅ ሆነች። የፍራንሰስን ልጅ፣ ታዋቂዋን ጄን ግሬይን፣ የካትሪን የሥጋ የልጅ ልጅ አድርገው እንዳይስሉ፤ መስመሩ ከሜሪ ይነሣ።

የካትሪን ሁለት ወንዶች ልጆች ጁላይ 14 ቀን 1551 በላብ በሽታ በአንድ ቀን ስለሞቱ የመስፍንነቱ ማዕረግ ለፍራንሰስ ባል ተሰጠ። ካትሪንም በቀድሞ ማዕረጓ መጠራቷን ስላልተወች፣ ከዚያ ዓመት በኋላ ባለ ሰነድ ላይ «የሰፎክ መስፍኒት» የሚል ሲያገኙ የትኛዋ እንደሆነች ከባሏና ከርስቱ ስም ያጣሩ።

ኋላ ያገባችው ሪቻርድ በርቲን ነው፤ ከንግሥት ሜሪ (የብራንደን ሚስት ሳትሆን የሄንሪ 8ኛ ልጅ) ሸሽተው ሳሉ በ1555 ጀርመን አገር ቬዘል ከተማ ፐሪግሪንን ወለዱ። እርሷ በ1580 ስትሞት የዊሎቢ ባሮንነት የተላለፈው ለእርሱ ስለሆነ፣ በወረቀቱ ግርጌ ለበርቲ ወገን ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉ።