ኤክሴል ላይ ሁለትና ሦስት መስኮት ከፍቶ እንዴት እንደሚሰራ

ሰኔ 30 ሲቃረብ ሂሳብ ክፍል ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ ከፍቶ የሚሰራ ሰው የለም። የግንቦት ፔሮል (የደመወዝ ሰንጠረዥ) ተከፍቷል፣ የሰኔውም ተከፍቷል፣ ከባንክ የመጣ ስቴትመንት አለ፣ ከኋላ ደግሞ ኢሜይል። አንዱን ለማየት ሌላውን ዝቅ ማድረግ፣ ያንን ለማየት ይሄኛውን። እንዲህ ስመላለስ አንድ ቀን የሰኔን ቁጥር የግንቦት ፋይል ላይ ለጥፌ ሴቭ አደረግኩት። ሁለቱ ሰንጠረዦች መልካቸው መንትያ ነው፤ የሚለያቸው ከላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ማን ያያል? ስለቅም እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አመሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ፋይሎቹን ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ኮፒ የሚባል ነገር አልነካም። እዚህ የምጽፈው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ፣ ኤክሴል 2013 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ላላችሁ ነው። ኤክሴል 2010 ፋይሎቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ መስኮት ውስጥ ነበር የሚያጉራቸው። ከ2013 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ፋይል የራሱ መስኮት አለው፤ ለዚህ ሥራ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስክሪኑን ለሁለት መክፈል

የግንቦቱን ፋይል ክፈቱ። ከአልት አጠገብ ያለችውን የዊንዶውስ ቁልፍ እንደያዛችሁ የግራ ቀስቱን ተጫኑ። መስኮቱ ሄዶ የስክሪኑ ግራ ግማሽ ላይ ልጥፍ ይላል። ወዲያው በቀኝ በኩል የቀሩት ክፍት መስኮቶች በትንንሹ ተደርድረው ይመጣሉ፤ የሰኔውን ክሊክ አድርጉ። አለቀ። ማውስ የሚቀላችሁ ከሆነ የመስኮቱን አናት ይዛችሁ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ጎትቱትና ልቀቁት። መሃል ያለውን ድንበር ብትጎትቱ ደግሞ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠብባል።

ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ዜድን አንድ ላይ ብትጫኑ ለሦስትና ለአራት የሚከፍሉ አማራጮች ይመጣሉ። በትንሽ ላፕቶፕ ላይ ግን አራት ኤክሴል መደርደር ዓይን ማድከም ነው። ከሁለት አትለፉ።

ሁለቱን ፋይል አብሮ ማንቀሳቀስ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለበትን ፔሮል ስታስተያዩ ግራውን ዝቅ፣ ከዚያ ቀኙን ዝቅ ማድረግ ያሰለቻል። ኤክሴል ራሱ ያስተካክለዋል።

1. ሁለቱም ፋይሎች ክፍት ሆነው ቪው የሚለውን ገጽ ክፈቱና ቪው ሳይድ ባይ ሳይድ የሚለውን ተጫኑ። ከሁለት በላይ ፋይል ከተከፈተ ከየትኛው ጋር እንደሚያጣምር ይጠይቃችኋል።
2. አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ካደረገው እዚያው አሬንጅ ኦል ውስጥ ገብታችሁ ቨርቲካል በሉት። ጎን ለጎን ይቆማሉ።
3. ሲንክሮነስ ስክሮሊንግ መብራቱን እዩ። አሁን አንዱን ዝቅ ስታደርጉ ሌላውም ተከትሎ ይወርዳል።

አንድ ወጥመድ አለው። ሰኔ ላይ አዲስ ሠራተኛ 41ኛው ረድፍ ላይ ገብቷል እንበል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ረድፍ ይዛነፋል፤ የአልማዝን ደመወዝ ከበቀለ ደመወዝ ጋር ስታስተያዩ ትገኛላችሁ። በዚህ ጊዜ ሲንክሮነስ ስክሮሊንግን አጥፉት፣ ስሞቹ ፊት ለፊት እስኪሆኑ አንዱን ብቻ አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። ካቆማችሁበት ተያይዘው ይቀጥላሉ።

አንድ ፋይል፣ ሁለት መስኮት

ማጠቃለያው አንድ ሺት ላይ፣ ዝርዝሩ ሌላ ሺት ላይ፣ ሁለቱም ግን እዚያው ፋይል ውስጥ ሲሆኑስ? ቪው ውስጥ ኒው ዊንዶው በሉ። ያው ፋይል ሁለተኛ መስኮት ያወጣል፤ ስሙ ላይ 1 እና 2 ይጨመርበታል። ኮፒ አይደለም፣ አትደንግጡ። በአንዱ የጻፋችሁት በሌላው ወዲያው ይታያል። ግራ ላይ ማጠቃለያውን፣ ቀኝ ላይ ዝርዝሩን አድርጋችሁ ቁጥር ስትቀይሩ ድምሩ ሲለወጥ እያያችሁ ትሰራላችሁ። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት ዓመት ሠራሁ!

ስትጨርሱ መጀመሪያ 2 ቁጥሩን ዝጉ። በብዙ ኤክሴሎች አዲሱ መስኮት ላይ ፍሪዝ ያደረጋችሁት፣ ማለትም ገጹ ሲወርድ ከላይ እንዲቆም ያሰራችሁት ርዕስ አብሮ አይመጣም። ዋናውን ዘግታችሁ በሁለተኛው ሴቭ ካደረጋችሁ ፍሪዙ ይጠፋል።

ሌላውን ሁሉ ከፊት ማንሳት

መስኮት ለመቀያየር አልትና ታብን ሁሉም ያውቃል። በኤክሴል ፋይሎች መካከል ብቻ ለመዞር ኮንትሮልና ኤፍ6 ይሻላል፤ ቴሌግራም መሃል አይገባባችሁም።

ቴሌግራሙንና ኢሜይሉን ደግሞ ሌላ ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡ። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ዲ አንድ ላይ ሲጫኑ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፈታል። በዊንዶውስ ቁልፍ፣ በኮንትሮልና በቀስት ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳላችሁ። አለቃ በድንገት ሲመጣም ይጠቅማል፤ እኔ ግን አልነገርኳችሁም።

መስኮቱ ሲጠፋ

ፕሮጀክተር ወይም ሁለተኛ ስክሪን ስትነቅሉ አንዳንዴ ፋይሉ ታስክባር ላይ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ግን የለም። ኮምፒውተሩን አታጥፉት። በአልትና ታብ ምረጡት፣ አልትና ስፔስን ተጫኑ፣ ቀጥሎ ኤምን። አንድ ቀስት አንዴ ንኩና ማውሱን አንቀሳቅሱ። የጠፋው መስኮት ጠቋሚው ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ መሃል ላይ ስታደርሱት ክሊክ አድርጋችሁ አስቀምጡት።