የቨርጂኒያ ሄንደርሰንን ሐሳብ አልጋ አጠገብ እንዴት እንጠቀምበት?

ነርሲንግ የተማረ ሰው አሜሪካዊቷ ነርስ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን የዘረዘረቻቸውን 14 የሰው መሠረታዊ ፍላጎቶች ሸምድዷል። ፈተና ላይ ይጽፋቸዋል፣ ዋርድ (ታማሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ሲገባ ግን ይረሳቸዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሐሳቡ የተጻፈው አልጋ አጠገብ ለቆመ ሰው ነው። ቤት ውስጥ እናቱን ወይም አባቱን ለሚያስታምምም ይሠራል።

ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1897 ካንሳስ ሲቲ ተወለደች፣ ያደገችው ግን ቨርጂኒያ ነው። በ1921 ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት የነርሶች ትምህርት ቤት ተመረቀች። ቀጥላ ኒው ዮርክ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄደች ታማሚዎችን ተንከባከበች፣ በኋላም ኮሎምቢያና ዬል ዩኒቨርሲቲዎች ሠራች። ለብዙ ዘመን ያሰበችበት ጥያቄ አንድ ነበር፦ የነርስ ሥራ ምንድን ነው? መልሷ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ነርስ ሰውን የምትረዳው አቅም፣ ፈቃድ ወይም እውቀት ቢኖረው ኖሮ ራሱ ያደርገው በነበረው ነገር ነው፤ የምትረዳውም ቶሎ ራሱን እንዲችል አድርጋ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ሦስቱን ቃላት ያዙ። አቅም፣ ፈቃድ፣ እውቀት። ምንም ከማድረጋችሁ በፊት የጎደለው የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ለምሳሌ የታማሚው ምግብ ሳይነካ ተመለሰ እንበል። ምናልባት እጁ ዝሎ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ይሆናል። ምናልባት ተስፋ ቆርጦ ልቡ አልፈቀደም። ወይም ደግሞ ምግቡ የቀዶ ጥገናውን ቁስል የሚያባብስበት መስሎት ፈርቶ፣ ግን ማንንም መጠየቅ አፍሮ ዝም ብሎ ይሆናል። ማንኪያ አንስቶ ማጉረስ የሦስቱ ሁሉ መልስ አይደለም። ለመጀመሪያው ብቻ ይረዳል። ለፈራው ሰው ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ተስፋ ለቆረጠው ደግሞ ምግቡን ለጊዜው ተዉትና ምን እንደከበደው ስሙት። "እምቢተኛ ነው" ብሎ ቻርት (የታማሚው መዝገብ) ላይ መጻፍ ግን ምንም አይፈታም።

አሥራ አራቱን ነገሮች እንደ ዝርዝር እየቆጠራችሁ አትሙሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ሰውነትን ይመለከታሉ፦ መተንፈስ፣ መብላትና መጠጣት፣ መጸዳዳት፣ መንቀሳቀስ፣ መተኛት፣ መልበስ፣ የሰውነት ሙቀት፣ ንጽሕና፣ ከአደጋ መጠበቅ። ቀሪዎቹ አምስቱ ስሜትን መግለጽ፣ እምነትን መፈጸም፣ መሥራት፣ መጫወትና መማር ናቸው። መቼም መተንፈስ ያቃተውን ሰው ስለ እምነቱ አትጠይቁትም፣ ትንፋሹ ይቀድማል። ሁኔታው ሲረጋጋ ግን ከአምስቱ ቢያንስ አንዱን በየፈረቃው ጠይቁ። "ከመታመምዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?" የሚለው ብቻውን ብዙ በር ይከፍታል።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን፤ እጅን መሰብሰብ፣ ማለትም ታማሚው ራሱ የሚችለውን ለእሱ መተው። በስትሮክ አንድ ጎኑ የደከመን ሰው ራሳችን ብናጥበው ቶሎ እንጨርሳለን። ግን ፎጣውን በደህናው እጁ ስጡትና ፊቱን እሱ ይጠብ፣ ጀርባውን እናንተ። በሚቀጥለው ቀን ደረቱን ይጨምር። ሲለብስ የደከመው ክንድ መጀመሪያ ይግባ፣ ሲያወልቅ ደህናው መጀመሪያ ይውጣ። ይህችን ካወቀ ብዙ ጊዜ ሸሚዙን ራሱ ይለብሳል። መጠበቁ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ አውቃለሁ፣ በተለይ ሌሎች ታማሚዎች እየጠሯችሁ ከሆነ። ቢሆንም በየቀኑ ሁሉን ነገር ከሠራንለት ራሱን መቻል የሚለማመድበት ጊዜ አያገኝም። ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ሄንደርሰንን ከሁሉ በላይ የማከብርባት ነገር ደግሞ አለ። ትርጓሜዋ ውስጥ ጤናንና ማገገምን ብቻ ሳይሆን ሰላማዊ ሞትንም አስገብታለች። የማይድን ሰው ዘንድ ስትሆኑ ሥራችሁ አላለቀም። ከንፈሩን አርጥቡ፣ የሚመቸውን ጎን ጠይቁና አገላብጡት፣ የሃይማኖት አባቱን ማግኘት ከፈለገ አስጠሩለት፣ ቤተሰቡ እጁን ይዞ እንዲቀመጥ ወንበሩን አስጠጉ። መናገር ባይችልም ስሙን እየጠራችሁ የምታደርጉትን ንገሩት። እዚህም ሦስቱ ቃላት ይሠራሉ፤ አቅሙ አልቋል፣ ፈቃዱ ግን የእሱ ነው።

በመጨረሻ፣ ያያችሁትን ለሚቀጥለው ፈረቃ አስተላልፉ። "በልቷል" ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። "ማንኪያውን ራሱ ይዞ ግማሹን በልቷል፣ ግራ እጁ ስለደከመ ነገ ሳህኑን በቀኙ በኩል አስቀምጡለት" በሉ።