ኢጂኤፍ ጨምረን ተቀባዩ ዝም ሲል፦ ችግርና መፍትሔ ለባሕር ዳር ላቦራቶሪዎች

የሰው ሪኮምቢናንት (በጂን ምሕንድስና የተመረተ) ኢጂኤፍ፣ ማለትም የኤፒደርማል እድገት ፋክተር፣ 53 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ 6.2 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሴሉ ላይ ያለውን ተቀባዩን ኢጂኤፍአርን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰው ተቀባይ ታይሮሲን በተባሉት አሚኖ አሲዶቹ ላይ ፎስፌት ይጨመራል፤ ይህም ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በፀረ እንግዳ አካል በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት 175 ኪሎዳልተን አካባቢ እንደ መስመር (ባንድ) ይታያል። ባንዱ ሲጠፋ እዚህ መጀመሪያ የሚወቀሰው የመብራት መጥፋት ነው። ወቀሳው ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ነው፤ ደረቁ ዱቄት በሦስት ዳይሰልፋይድ ድልድዮች የታሰረ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ባለው መንገድ በቀላሉ አይበላሽም። አደጋው የሚጀምረው ከሟሟ በኋላ ነው።

ምንም ባንድ አይታይም

ከአሟሟቱ ጀምሩ። ዱቄቱ ከማነሱ የተነሳ በዓይን ላይታይ፣ ክዳኑም ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ብልቃጡን ከመክፈታችሁ በፊት በሴንትሪፉጅ ለአጭር ጊዜ አዙሩት። 100 ማይክሮግራሙን አምራቹ በሚያዝዘው ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሚሊሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሳትንጡ አሟሙ። ከዚህ 1 ማይክሮሊትር በ1 ሚሊሊትር ሚዲየም ውስጥ 100 ናኖግራም ይሰጣል። ቀሪውን በ20 ማይክሮሊትር ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ።

ትልቁ ስህተት የቀጠነውን ማስቀመጥ ነው። በናኖግራም ደረጃ የቀጠነ ኢጂኤፍ አልቡሚን ከሌለው ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ባዶ ውሃ ሊሆን ይችላል። በዕለቱ፣ 0.1 በመቶ አልቡሚን ባለው ሚዲየም አቅጥኑ። ዲቲቲ ወይም ሜርካፕቶኢታኖል የተባሉትን ኬሚካሎች አታስጠጉት፤ የዳይሰልፋይድ ድልድዮቹን ይበጥሳሉ።

ቀጥሎ ሰዓቱን ተመልከቱ። ምልክቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደምቃል፣ ከዚያ ተቀባዩ ወደ ሴሉ ውስጥ ይሳባል፣ ይፈርሳልም። አንድ ሰዓት ቆይቶ ሰብስቦ «አልሠራም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ0፣ 2፣ 5፣ 10 እና 30 ደቂቃ ሰብስቡ፤ ሚዲየሙን አፍስሳችሁ ሴሎቹን በበረዶ ላይ ወዲያው 1 ሚሊሞላር ኦርቶቫናዴት ባለው መፍቻ ቡፈር አፍርሱ። ቫናዴቱ ፒኤች 10 ላይ እስኪጠራ ተፍልቶ የተዘጋጀ ይሁን፤ ያለዚያ ፎስፌትን የሚነቅለው ኢንዛይም ፎስፋቴዝ ምልክቱን ይበላዋል።

ሴሉስ? ሲኤችኦ የተባለው የሴል መስመር ተቀባዩ የለውም፤ ኤ431 የተባለው ግን ሞልቶታል። ሁለቱን አብራችሁ ብታሠሩ ጥርጣሬው ያበቃል።

ያልታከመውም ባንድ አለው

ሴረሙ ነው። በውስጡ ያሉት የእድገት ፋክተሮች ተቀባዩን ይቀሰቅሳሉ፤ ሴሎቹን ከሙከራው በፊት ከ16 እስከ 24 ሰዓት ሴረም በሌለው ሚዲየም አቆዩአቸው። ከዚያም ብሎቱን በወተት ሳይሆን በ5 በመቶ አልቡሚን ሸፍኑ፤ የወተቱ ኬሲን ራሱ ፎስፌት አለው። የባንዱ እውነተኛነት የሚረጋገጠው ኢጂኤፍ ከመጨመሩ 1 ሰዓት በፊት ተቀባዩን የሚያግደው ጌፊቲኒብ 1 ማይክሮሞላር ሲሰጥ ከጠፋ ነው።

ሴሎቹ በማደግ ፈንታ ቆሙ

ኤ431 ከሆኑ ምንም አልተበላሸም። ከፍ ያለ ኢጂኤፍ እነሱን ያግዳቸዋል፤ ለእድገት ሙከራ ሌላ ሴል ምረጡ።

ሚዲየሙ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል

ሐምራዊ ማለት ሚዲየሙ አልካላይ ሆኗል ማለት ነው፤ ይህ የጣና ዳር ጉዳይ ነው። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 80 በመቶ አካባቢ ነው፤ የሚዲየሙን ፒኤች የሚጠብቀው 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ እንደ 4 በመቶ ይሆናል። ኢንኩቤተሩን ወደ 6 በመቶ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ፒኤቹ 7.2 እስከ 7.4 መሆኑን ለኩ። በአልካላይ ሚዲየም የተጨነቀ ሴል የሰጠውን መልስ በፕሮቲኑ አታሳብቡ።

መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ሟሟ

ደረቅ ዱቄት ያለበት ብልቃጥ አያሳስባችሁ። በፈሳሽ የተሟሟው ኢጂኤፍ በረዶው ቀልጦ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ካገኛችሁት መልሳችሁ ፍሪዘር አታስገቡት፤ ፍሪጅ ውስጥ አድርጋችሁ በሳምንት ውስጥ ተጠቀሙበት። ጥርጣሬ ካለ ከአዲስ ብልቃጥ ጋር ጎን ለጎን በ1፣ 3፣ 10፣ 30 እና 100 ናኖግራም በሚሊሊትር ፈትኑ። ሁለቱ ኩርባዎች ከተደራረቡ ሥሩበት፤ የድሮው ተመሳሳይ ምልክት ለመስጠት ሦስት እጥፍ መጠን ከጠየቀ ጣሉት።