ብርሃኑ ዶቃዋን አልይዝ ሲላችሁ፦ የኦፕቲካል ትዊዘር ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ በኦፕቲካል ትዊዘር፣ ማለትም በማይክሮስኮፕና በሌዘር፣ ጥቃቅን የፕላስቲክ ዶቃ በብርሃን ለመያዝ እየሞከራችሁ ከሆነ አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። ዶቃዋ አልያዝ ስትል የሌዘሩን ኃይል ለመጨመር አትቸኩሉ። ናሙናው ላይ ጥቂት አሥር ሚሊዋት ከደረሰ 1 ማይክሮሜትር ለምታክል ዶቃ ይበቃል። ካልያዘ ወይ ብርሃኑ በደንብ አልተሰበሰበም፣ ወይ ናሙናው ተበላሽቷል፣ ወይ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ኃይል መጨመር ደግሞ አንዱንም አያስተካክልም።

ዓይናችሁንም አደራ። 1064 ናኖሜትር ሌዘር አይታይም፣ ስለማይታይም ዓይን ለመጨፈን አይሞክርም። ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ከሌላችሁ ሌዘሩን አታብሩት። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘርም ቢሆን ውስጡ ኢንፍራሬድ (የማይታይ ብርሃን) ስላለ ሊያፈስ ይችላል።

ዶቃዋ ወደ ብርሃኑ ትመጣለች፣ ግን አትቆምም፤ ተገፍታ ትሄዳለች

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ብርሃን ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይገፋል፣ ደግሞም በጣም ወደ ደመቀበት ቦታ ይስባል። አርተር አሽኪን ቤል ላብስ ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970 መጀመሪያ ያሳየው መግፋቱን ነው፤ ዶቃዋን አንድ ቦታ ለማቆምም ሁለት ጨረር ፊት ለፊት ማጋጠም ነበረበት። በአንድ ጨረር ብቻ መያዝ የቻሉት እሱና ባልደረቦቹ በ1986 ነው። የለየለት ልዩነት የፎከሱ ጥበት ነው፤ ብርሃኑ በሰፊ ማዕዘን ካልተሰበሰበ መግፋቱ ስበቱን ያሸንፈዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኦብጀክቲቩን (ናሙናው አጠገብ ያለውን ሌንስ) እዩት። 40 እጥፍ፣ ኤንኤው (ብርሃን የሚሰበስብበት ማዕዘን ስፋት መለኪያ) 0.65 የሆነው ዶቃዋን መስታወት ላይ ገፍቶ ይለጥፋት ይሆናል እንጂ ውሃ መሃል አንጠልጥሎ አይዝም። ብዙ የተማሪ ማይክሮስኮፕ ላይ ያለው በዘይት የሚሠራው 100 እጥፍ፣ ኤንኤ 1.25፣ ይበቃል። ቀጥሎ ኦብጀክቲቩን ፈትታችሁ በቦታው ወረቀት አድርጉና የጨረሩን ስፋት ለኩ። የኦብጀክቲቩን የኋላ ቀዳዳ ካልሞላው በሁለት ሌንስ አስፉት፤ የሁለቱ ሌንሶች የፎካል ርዝመት ስንት እጥፍ እንደሚበላለጥ ጨረሩም ያንን ያህል ይሰፋል። ዳር ዳሩ ትንሽ ቢባክን አያስቆጭም፣ ምክንያቱም ዶቃዋን ወደ ኋላ የሚስባት ከዳር የሚገባው ብርሃን ነው።

አሮጌ ማይክሮስኮፕ ያላችሁ ደግሞ ኦብጀክቲቩ ላይ 160 የሚል ቁጥር (የማይክሮስኮፑ ቱቦ ርዝመት በሚሊሜትር) ፈልጉ። ካለ፣ ትይዩ ጨረር ማስገባት ፎከሱን ያበላሻል፣ ሌዘሩም በዓይን ከምታዩት ቦታ ሌላ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። አስፊው ላይ ያለውን ሁለተኛ ሌንስ ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ የሌዘሩ ነጥብና ዶቃዋ አንድ ላይ ጥርት እስኪሉ አስተካክሉ።

መስታወቱ አጠገብ ትያዛለች፣ ወደ ውስጥ ስትገቡ ታመልጣለች

ዘይቱ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (ብርሃን የማጣመም አቅሙ) 1.515 አካባቢ ነው፣ ውሃው 1.33። ብርሃኑ ከዘይትና ከመስታወት ወደ ውሃ ሲሻገር ይጣመማል፤ በጠለቃችሁ ቁጥርም ፎከሱ ይበተናል። ከመስታወቱ 5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ባለው ውስጥ ሥሩ። የመሸፈኛው መስታወት ውፍረትም 0.17 ሚሊሜትር ይሁን።

ነገሩ ከብርሃኑ ይሸሻል

የአየር አረፋ ነው። ከውሃ ያነሰ ኢንዴክስ ያለው ነገር ሁሉ ከደማቁ ቦታ ይባረራል። ናሙናውን እንደገና አዘጋጁ።

ዶቃዎቹ መስታወት ላይ ይጣበቃሉ፣ ወይም ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይፈሳሉ

የሚጣበቁት ውሃው ጨው ስላለው ነው። ጨው ዶቃዋና መስታወቱ የሚገፋፉበትን የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይሸፍነዋል። የቧንቧ ውሃ ተዉት፣ የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ፣ ጠብታ የማታክል ትዊን 20 (ሳሙና መሰል ፈሳሽ) ጨምሩበት። የሚፈሱት ደግሞ ውሃው ከዳር እየተነነ ስለሆነ ነው፤ ዙሪያውን የጥፍር ቀለም ቀብታችሁ ዝጉት፣ በቃ።

ተይዛለች፣ የምትለኩት ቁጥር ግን አይረባም

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም መያዙ ብቻ አይደለም፣ መለካቱም ነው። የተያዘችው ዶቃ በውሃው ሞለኪውሎች እየተገፋች ትንቀጠቀጣለች። ያንን በባለ አራት ክፍል ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) መዝግባችሁ ፓወር ስፔክትረሙን (በየድግግሞሹ ምን ያህል እንደምትንቀጠቀጥ የሚያሳየውን መስመር) ብትስሉት፣ ከታች ጠፍጣፋ ሆኖ ከአንድ ድግግሞሽ በኋላ የሚወርድ መስመር ታገኛላችሁ። መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ የወጥመዱን (ዶቃዋን የያዘውን ብርሃን) ጥንካሬ ይነግራችኋል። ለምሳሌ 1 ማይክሮሜትር ዶቃ በ20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 500 ኸርዝ ላይ ከታጠፈች፣ ጥንካሬው በናኖሜትር 0.03 ፒኮኒውተን ገደማ ነው፣ ዶቃዋም የምትዋልለው 12 ናኖሜትር ያህል ነው።

መስመሩ ላይ 50 እና 100 ኸርዝ ላይ ሹል ነገር ካያችሁ የመብራቱ ኃይል ነው የገባባችሁ። ሽቦዎቹን በአንድ መሬት (ግራውንድ) እሰሩ፣ ማጉያውን በባትሪ አስነሱ፣ ክፍሉን አጨልሙ። ሹሉ ከዚያ በታች ከሆነና የሚመጣ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የሚያልፈው የከባድ መኪና መንገድ ቅርብ ከሆነ ምድር ቤት ውረዱ፤ ከባድ የድንጋይ ንጣፍ በግማሽ በተነፋ የመኪና ካላማዳሪያ ላይ አስቀምጡና መሣሪያውን እላዩ ላይ አድርጉት። በጣም ይጠቅማል። ሌሊት መሥራትም ያግዛል።

መስመሩ ንጹሕ ሆኖ ቁጥሩ ከትናንቱ ከተለየ የክፍሉን ሙቀት ጠይቁ። ደሴ ጠዋት ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢሆንና ኮምቦልቻ ከሰዓት 28 ቢደርስ፣ በሁለተኛው ላይ ውሃው ከሩብ በላይ ይቀጥናል፤ ወጥመዱ ሳይለወጥ መስመሩ የሚታጠፍበት ድግግሞሽ ከሲሶ በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ናሙናው አጠገብ ይኑር፣ ከእያንዳንዱ ልኬት ጎንም ሙቀቱን ጻፉ። ከመስታወቱ ያለው ርቀትም እንዲሁ ነው። የዶቃዋ መሃል ከመስታወቱ የዶቃዋን አንድ ወርድ ያህል ብቻ ከራቀ የውሃው ተቃውሞ ከሲሶ በላይ ይጨምራል፣ ይህን ሳታርሙ የምታወጡት ጥንካሬ ስህተት ነው።

ከጥቂት ሺህ ኸርዝ በላይ መስመሩ ከልክ በላይ ቶሎ ከወረደ፣ ሌዘሩ 1064 ሆኖ ፎቶዳዮዱ ተራ ሲሊከን ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ሲሊከን ለዚያ ብርሃን ይዘገያል። ወይ ፎቶዳዮዱን ቀይሩ፣ ወይ ያንን ክፍል ከሒሳቡ አውጡት።

ባክቴሪያው ተያዘ፣ ግን ሞተ

ከቦርከና ወይም ከሐይቅ የተቀዳ ጠብታ ውስጥ የሚዋኝ ባክቴሪያ መያዝ ደስ የሚል ሙከራ ነው፤ አብሽሩ፣ ይቻላል። ወዲያው ከሞተባችሁ ግን ጉዳቱ ከብርሃኑ ነው፣ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም ያባብሰዋል። ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ ሲፈተሽ 870 እና 930 ናኖሜትር ክፉኛ ጎድተዋል፣ 830 እና 970 ግን በጣም ትንሽ። ሌዘር የምትመርጡ ከሆነ ይህን አስቡበት። ያላችሁን ከሆነ የምትጠቀሙት፣ መያዝ እስካላቃተው ድረስ ኃይሉን ቀንሱ፣ የምትይዙበትንም ጊዜ አሳጥሩ።

1 ማይክሮሜትሯ ትያዛለች፣ 100 ናኖሜትሯ አትያዝም

ለትንንሾቹ ስበቱ ከይዘታቸው ጋር ይቀንሳል። ወርዷ በግማሽ ያነሰች ዶቃ ስበቷ በስምንት እጥፍ ያንሳል፣ የውሃው ግፊያ ግን አይራራላትም። ኃይል መጨመር ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም ከላይ ያለው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ። ሌላው መንገድ ወርቅ ነው፤ በኢንፍራሬድ 36 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ቅንጣት እንኳ ተይዟል፣ ብርሃኑን ስለሚመጥ ግን ይሞቃል። ሲግናሉ በድንገት በደረጃ ከዘለለ ደግሞ ሁለተኛ ቅንጣት ገብቷል ማለት ነው። ሌዘሩን ለአፍታ ጋርዳችሁ ሁለቱንም ልቀቁ፣ ናሙናውን አቅጥኑና አንዷን ብቻ ጠብቁ።